«የመታኝ የጓደኛዬ ልጅ ነው፤ ክሱን ላንሳለት?»

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ዘወትር አነባለሁ። የምኖረው ለንደን ነው። አንድ የኤን ኤች ኤስ (የእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት) ሆስፒታል ኢመርጀንሲ ክፍል ውስጥ በነርስ ረዳትነት እሠራለሁ። ዕድሜዬ 44 ነው።

ከሁለት ወር በፊት የሌሊት ሺፍት ላይ ነበርኩ። አንድ ልጅ እጁ ተቆርጦ፣ ደሙ እየተንጠባጠበ፣ ጓደኞቹ ደግፈው አመጡት። ጠጥቷል። ቀና ሲል አወቅሁት፤ የጽዋ ማኅበር ጓደኛዬ ልጅ ነው። «አይዞህ የኔ ልጅ» ብዬ ግፊቱን ልለካ ክንዱን ስይዘው በደህናው እጁ አፌን በቡጢ አለኝ። ከንፈሬ ተሰነጠቀ፣ የፊት ጥርሴ ተሸረፈ። ሴኩሪቲ ደርሶ ያዘው፤ ፖሊስ መጣ። በማግሥቱ ስቴትመንት (የምስክርነት ቃል) ሰጠሁ። አሁን የኢመርጀንሲ ሠራተኛን በመምታት ተከሷል፤ እስከ 2 ዓመት ያሳስራል አሉኝ።

ልጁ 22 ዓመቱ ነው። እናቱ ያመጣችው በ12 ዓመቱ ነው። የእንግሊዝ ፓስፖርት የለውም፤ ያለው ቋሚ መኖሪያ ብቻ ነው። እናቱ «ከታሰረ ዲፖርት ያደርጉታል» እያለች ታለቅሳለች። ባለፈው እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ ድረስ መጡ። «ልጅነት ነው፣ መጠጥ ነው፣ አንቺም እናት ነሽ፣ ክሱን አንሺ። ጥርስሽን እናሳክማለን» አሉኝ። አንደኛው «በደንብ አላስታውስም በያቸው፤ በቃ ያልቃል» አለኝ። ባለቤቴ «ነገር አታብዢ፤ ከሰው አታጣይን» ይላል። አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ነርስ ደግሞ «ዛሬ ብትተዪው ነገ እኔን ይመታኛል» ትላለች።

ከዚያ ወዲህ የግፊት መለኪያውን ሰው ክንድ ላይ ሳስር እጄ ይንቀጠቀጣል። ልጁ እንዲባረር አልፈልግም። ምንም እንዳልተደረግሁ መሆንም አቃተኝ። በመጪው ወር ማኅበሩ እሷ ቤት ነው፤ ልሂድ? ክሱንስ ላንሳለት?

ት. ነኝ፣ ከለንደን

እህቴ፣ እግዜር ይማርሽ።

ደብዳቤሽ ውስጥ ልጁ አለ፣ እናቱ አለች፣ ሽማግሌዎቹ አሉ፣ ባለቤትሽ አለ። ስለ ራስሽ የጻፍሽው ግን ከሁሉም ያንሳል። እጅሽ ይንቀጠቀጣል። እስቲ መጀመሪያ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

የመታሽ የማታውቂው ሰካራም ቢሆን ኖሮ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ «አይዞሽ» ይልሽ ነበር። ይህን ልጅ ግን ታውቂዋለሽ። «የኔ ልጅ» ብለሽዋል። ከቡጢው ይልቅ ያመመሽ ይህ ይመስለኛል፤ ተሳስቼ ከሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ሽማግሌዎቹ የጥርስሽን ወጪ አንስተዋል፤ ደግ ነው። ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሽ እንደሆነ የጠየቀሽ ግን አለ? እናቱስ ከማልቀሷ በፊት «ከንፈርሽ ዳነ ወይ?» ብላሻለች? ቂም ያዢ ማለቴ አይደለም። ሁለት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ ከአንቺ አንድ ነገር ሲፈልግ ቆይቷል፤ ለአንቺ ምን እንደሚያስፈልግሽ የጠየቀሽ ሰው ያለ አይመስልም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «ክሱን ላንሳለት ወይ?» ብለሻል። እህቴ፣ የምታነሺው ክስ በእጅሽ የለም።

ሽማግሌዎቹ በአገር ቤቱ ልማድ ነው የመጡት፤ እዚያም ቢሆን ያሉት ከመሬት ተነስተው አይደለም። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ቀላል የአካል ጉዳት በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ነው። ተበዳይ ካልከሰሰ ጉዳዩ አይንቀሳቀስም። ሽማግሌ ገብቶ ካስታረቀ ተበዳይ አቤቱታውን ይተዋል፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንግሊዝ ውስጥ ግን ከሳሹ ዘውዱ፣ ማለትም መንግሥት ነው። ፖሊስ መርምሮ ለክራውን ፕሮሲኪውሽን ሰርቪስ፣ ለዐቃቤ ሕጉ መሥሪያ ቤት ያቀርባል። ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃው ለማስፈረድ ይበቃል ወይ፣ መክሰሱስ ለሕዝብ ይጠቅማል ወይ ብሎ ይወስናል። አንቺ እዚህ ውስጥ ምስክር ነሽ። «መቀጠል አልፈልግም» ማለት ትችያለሽ፤ መብትሽ ነው። ያን ጊዜ ፖሊስ ለምን እንደሆነ ይጠይቅሻል፣ ማንም ተጭኖሽ እንዳይሆን ያጣራል፣ ሌላ ስቴትመንት ይወስዳል። ከዚያ በኋላም ውሳኔው የዐቃቤ ሕጉ ነው። ሴኩሪቲው አለ። በቦታው የነበሩ የሥራ ባልደረቦችሽ አሉ። ካሜራ ካለ ካሜራው አለ። ያለ አንቺ ሊቀጥል ይችላል፤ ከፈለገም መጥሪያ አስልኮ ሊያስቀርብሽ ይችላል።

ይህን በደንብ ያዢው። ልጁ ቢፈረድበት ያስፈረድሽበት አንቺ አይደለሽም፤ ነጻ ቢወጣም ያወጣሽው አንቺ አይደለሽም። ሰዎቹ ትከሻሽ ላይ የጫኑብሽ ሸክም አብዛኛው የአንቺ አይደለም።

ስለዚያ «አላስታውስም በያቸው» ስላለሽ ሰው ግን ጠንከር አድርጌ ልናገር። እንዳትሞክሪው። ስቴትመንትሽን ስትፈርሚ ያልሽው እውነት እንደሆነ፣ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ እንደምትጠየቂበት አብረሽ ፈርመሻል። መተው አንድ ነገር ነው፤ መዋሸት ሌላ። እያወቁ ቃልን መገልበጥ ፍትሕን በማዛባት ሊያስከስስ ይችላል፤ ቅጣቱም ቀላል አይደለም። ያን ቀን ያ ሰውዬ አጠገብሽ አይቆምም።

ሽማግሌዎቹ ያላወቁት ሌላም ነገር አለ። ተከሳሽ በዋስ ሲለቀቅ ብዙ ጊዜ «ምስክሯን በቀጥታም ሆነ በሰው በኩል እንዳታገኝ» የሚል ግዴታ ይጣልበታል። ሽማግሌዎቹን የላከው እሱ ከሆነ፣ እነሱ ለማስታረቅ ሲደክሙ ዋስትናውን ሊያስፈርሱበት ይችላሉ። ምስክር ሐሳቧን እንድትቀይር ማስፈራራትም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የጥርስ ገንዘቡ «ክሱን አንሺ» ከሚለው ጋር አብሮ ሲመጣማ ከውጭ ለሚያየው ሰው መደለያ ይመስላል። ክፋት አስበው እንዳልመጡ አምናለሁ። ፖሊስ ግን ጽዋ ማኅበር ምን እንደሆነ አያውቅም፤ የሚያየው ሦስት ወንዶች አንዲት ምስክር ቤት መሄዳቸውን ነው።

ተመልሰው ከመጡ በር ላይ ሆነሽ እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «አባቶቼ፣ አክብራችሁኝ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ክሱ የመንግሥት ነው፤ በእኔ እጅ የለም። እዚህ መምጣታችሁ ልጁን ይጎዳዋል። እሱን መርዳት ከፈለጋችሁ ጥሩ ጠበቃ ፈልጉለት። እኔን መርዳት ከፈለጋችሁ ጸልዩልኝ።» ከዚያ በላይ ማብራራት የለብሽም። ስለ ገንዘቡም አታውሪ። ከተፈረደበት ፍርድ ቤቱ ራሱ ካሳ እንዲከፍልሽ ሊያዘው ይችላል፤ ለጥርስሽ ያወጣሽበትን ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጪ።

ወደ ሕጉ ልምጣ፤ ሰው ሁሉ «2 ዓመት፣ 2 ዓመት» እያለ አስፈራርቶሻል። ሕጉ በእንግሊዝና በዌልስ የወጣው በፈረንጆቹ 2018 ነው። ክሪስ ብራያንት የተባሉ የምክር ቤት አባል ያቀረቡት ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለው ምት እንደ ተራ ድብደባ ይታይ ነበር፤ ጣሪያውም 6 ወር ነበር። አዲሱ ሕግ ፖሊስን፣ እሳት አደጋን፣ የወህኒ ቤት ጠባቂን፣ የኤን ኤች ኤስ ሠራተኛን በመምታት እስከ 12 ወር እንዲያሳስር አደረገ። በ2022 ደግሞ በወጣ ሌላ ሕግ ወደ 2 ዓመት ከፍ አለ። ሕጉ የሚጠብቀው ሐኪምና ነርስ ብቻ አይደለም። ከሕመምተኛ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝ የኤን ኤች ኤስ ሠራተኛ ሁሉ፣ አንቺም፣ በሽተኛ የሚገፋውም፣ ፊት ለፊት የሚቀበለውም ይገባበታል።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎችም ልናገር። ለንደን ውስጥ ፓርኪንግ የሚቆጣጠር፣ አውቶቡስ የሚነዳ፣ ሱቅ የሚሸጥ አበሻ ስንት ነው? እነሱ በ2018ቱ ሕግ ውስጥ የሉም። ግን ያው የ2022ቱ ሕግ ሕዝብን የሚያገለግል ሠራተኛ ሥራው ላይ ሲመታ ዳኛው ቅጣቱን እንዲያከብድ ያዛል። ስለዚህ የተሰደበውም የተመታውም «ሥራችን ነው» ብሎ ዝም አይበል። (ስኮትላንድ የራሷ ሕግ ስላላት እዚያ ያላችሁ በዚያው ጠይቁ።)

እኔ በበኩሌ ቅጣት ሲከብድ የሰከረ ሰው እጁን ይሰበስባል ብዬ አላምንም። ሌሊት በ8 ሰዓት ጠጥቶ የመጣ ልጅ የሕግ መጽሐፍ አያገላብጥም። ሕጉ የጠቀመው ሌላ ቦታ ይመስለኛል። ድሮ የተመታች ረዳት «ያው ሕመምተኛ ነው» ተብላ ከንፈሯን ጠርጋ ወደ ሥራዋ ትመለስ ነበር። አሁን አለቃዋም ፖሊሱም እንዲህ ብሎ ማለፍ ይከብደዋል። ያቺ ፊሊፒናዊት ጓደኛሽ ያለችሽ ይህንኑ ነው። ልጁ እንዲታሰር መፈለጓ አይመስለኝም። ነገ ማታ እሷም ያንኑ በር ከፍታ ትገባለች።

የእናትየው ፍርሃትም እውነት ነው፤ አላቃልለውም። በፈረንጆቹ 2007 በወጣው ሕግ መሠረት የውጭ ዜጋ 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ እስራት ከተፈረደበት ሆም ኦፊስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ) ሊያባርረው ይገባል፤ ቋሚ መኖሪያ ቢኖረውም። ከዚያ በታች ቢፈረድበትም በሌላ ምክንያት የማባረር ጉዳይ ሊያነሳበት ይችላል። ግን 2 ዓመት ጣሪያ ነው። ዳኛው ጉዳቱን ያያል፣ የቀድሞ ታሪኩን ያያል፣ ጸጸቱን ያያል። ጥፋቱን በመጀመሪያው ችሎት ካመነ ቅጣቱ እስከ ሲሶው ሊቀነስለት ይችላል። በዚህ ሕግ ተፈርዶባቸው በገንዘብ፣ በማኅበረሰብ አገልግሎት ወይም በገደብ የሚለቀቁ ብዙ ናቸው። ልጅነቱን እዚህ ማሳለፉ፣ እናቱ እዚህ መሆኗም ለክርክር የሚቀርብ ነው። ለዚህ የሚያስፈልጋት ሽማግሌ ሳይሆን ሶሊሲተር፣ ጠበቃ ነው፤ አንድ የወንጀል፣ አንድ የኢሚግሬሽን። መክፈል ካቃታቸው የመጀመሪያው ችሎት ቀን ፍርድ ቤት ውስጥ ተረኛ ጠበቃ አለ፤ ለሊጋል ኤይድም (መንግሥት የጠበቃ ወጪ ለሚሸፍንበት እርዳታ) ማመልከት ይችላሉ። «እኔ ሆም ኦፊስ ሰው አለኝ» ከሚል ሰው ግን ይጠንቀቁ። ይህን ሁሉ አንቺ ሄደሽ አትንገሪያት። ከማኅበሩ አንዷ ልትነግራት ትችላለች፤ ይህን ጽሑፍ ብታሳያትም ይበቃል።

እንግዲህ ይቅርታው። እሱ የአንቺ ነው። ዐቃቤ ሕግ አይወስደውም፣ ሽማግሌም አያወጣውም። ለመሆኑ ልጁ ራሱ ይቅርታ ጠይቆሻል? ደብዳቤሽ ውስጥ ሁሉም ስለ እሱ ይናገራል፤ እሱ ግን አንድ ቃል አልተናገረም። በቀጥታ እንዳያገኝሽ ተከልክሎ ሊሆን ይችላል። ምናልባት አፍሯል። ምናልባትም ነገሩን በደንብ አያስታውሰው ይሆናል።

ከእሱ መስማት የምትፈልጊ ከሆነ ሕጋዊ መንገድ አለው። ሬስቶራቲቭ ጀስቲስ ይሉታል። የሠለጠነ አገናኝ በመካከል ሆኖ፣ ሁለታችሁም ፈቅዳችሁ፣ ፊት ለፊት ወይም በደብዳቤ ትነጋገራላችሁ። የእኛ ሽምግልና ዘመድ ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ እዚህ ማንም አንቺን አይለምንሽም፣ አያቻኩልሽም። ጉዳይሽን የያዘችውን ፖሊስ «ስለ ሬስቶራቲቭ ጀስቲስ ንገሪኝ» ብለሽ ጠይቂ፤ መረጃ ማግኘት መብትሽ ነው። ካልፈለግሽም አትፈልጊ። አሁን አልፈልግም ብለሽ ከስድስት ወር በኋላ ብትፈልጊም ያስኬዳል።

ሌላም አለ። የተጎጂ የግል ስቴትመንት የሚባል አለ፤ ከመጀመሪያው ስቴትመንትሽ የተለየ ነው። እዚያ ላይ ምን እንደደረሰብሽ በራስሽ ቃል ትናገሪያለሽ። እጅሽ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ሌሊት ሺፍት እንደምትፈሪ፣ ልጁን እንደምታውቂው። ይቅር ብለሽው ከሆነ ያንንም ማለት ትችያለሽ። ስንት ዓመት ይታሰር፣ ይለቀቅ የሚለውን ግን ዳኛው ከአንቺ አይጠብቅም። ብዙ ሰው ይህ ያናድደዋል። ለአንቺ ግን እፎይታ ይመስለኛል፤ «አንቺ ነሽ ያስፈረድሽበት» ለሚል ሁሉ መልስ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ መልሺው። የምትፈሪው ልጁ እንዳይባረር ነው ወይስ ማኅበሩ እንዳያገልሽ? ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ አያሳፍርም። በስደት አገር ማኅበር ማለት ዘመድ ነው፤ ስትደክሚ የምታርፊበት፣ ሲከፋሽ የምትሮጪበት። ግን ለልጁ ስትይ የምትወስኚውና ሰውን ፈርተሽ የምትወስኚው አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ውሳኔ እንቅልፍ ይሰጥሻል። ሁለተኛው ግን ቆይቶ ያንገበግብሻል።

ስለ መጪው ወር ማኅበር፣ እኔ ብሆን አልሄድም። ችሎቱ እስኪያልቅ ብቻ። ቤቱ የሷ ነው፤ ልጁ እዚያ ሊኖር ይችላል። አብራችሁ መታየታችሁ ለእሱም ለአንቺም ጣጣ ነው። ለሙሴዋ ደውለሽ «የፍርድ ቤት ጉዳይ እስኪያልቅ ነው፤ በቂም አይደለም» ብለሽ አስረጂ። ድርሻሽን ላኪ። ተራሽ ሲደርስም እንደ ወትሮው አዘጋጂ።

ባለቤትሽን አትቀየሚው። «ነገር አታብዢ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚናገረው ፈርቶ ነው። አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑን አጥፍተሽ «ሺፍት ከመግባቴ በፊት ሆዴ ይታመማል» በይው። ስለ ክሱ ምንም አትበዪው። እጅሽን አሳይው። መልስ እንዲሰጥሽ አትጠይቂው፤ ይስማሽ ብቻ።

በዚህ ሳምንት ደግሞ፣ በሆስፒታሉ ዴቲክስ (የአደጋ መመዝገቢያው) ላይ አደጋው ተመዝግቦ እንደሆነ አለቃሽን ጠይቂ። ካልተመዘገበ ዛሬውኑ ይመዝገብ። ኦክዩፔሽናል ሄልዝ (የሠራተኞች ጤና ክፍል) እንዲልኩሽ ጠይቂ፤ ለመንቀጥቀጡም ለእንቅልፉም የሚያነጋግርሽ ሰው ሊመድቡልሽ ይችላሉ። ለጊዜው ከሌሊት ሺፍት ወደ ቀን መዛወር ወይም ብቻሽን ሕመምተኛ እንዳትቀበዪ ማድረግ ይችሉ ይሆናል፤ ሳትጠይቂ አይሰጡሽም። ዩኒየን (የሠራተኞች ማኅበር) ውስጥ ካለሽ ተወካይሽን ይዘሽ ግቢ። የወንጀል ተጎጂዎችን የሚረዳው ቪክቲም ሰፖርት ነጻ ነው፣ ምሥጢርም ይጠብቃል፣ አስተርጓሚ ትጠይቂያለሽ። ብቻ አስተርጓሚው ከማኅበርሽ ሰው እንዳይሆን ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ለንደን ሰፊ ናት፣ አበሻ ግን ይተዋወቃል።

ጉዳይሽን ለያዘችው ፖሊስም ደውዪላት። ሽማግሌዎች መጥተው እንደነበር ንገሪያት፤ ስም መጥራት ባትፈልጊ እንኳ መምጣታቸውን ትወቀው። ከደበቅሽው በኋላ በሌላ በኩል ቢሰማ ለአንቺም ለእነሱም ይከፋል። ከዚያ ችሎት ላይ መመስከር ግድ ከሆነ ልጁን ሳታዪ በመጋረጃ ጀርባ መመስከር ይቻል እንደሆነ ጠይቂያት። ይህን ዳኛው ነው የሚፈቅደው፤ ጥያቄው ግን ቀድሞ መቅረብ ስላለበት ችሎቱ እስኪደርስ አትጠብቂ።